ተዋጥተን ያስቀበርነው የውሃ መስመር የማን ነው? ለሳቢያኑ ወንድሜ

የጠየቅከው ባጭሩ ይሄ ነው። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር አንድ ቅያስ ውስጥ ሰባት ቤት ሆናችሁ ተዋጥታችሁ ከዋናው መንገድ ቧንቧ አስቀብራችሁ ውሃ አስገባችሁ። አሁን ቅያሱ መጨረሻ ላይ ቤት የሠራ ሰው ከናንተው መስመር እንዲቀጥል ተፈቀደለት፣ እናንተ ደግሞ "ብራችንን አውጥተን ያስቀበርነውን ማን ስለሆነ ነው የሚሰጠው፣ ቀበሌ ሄደን ማስቆም እንችላለን ወይ" ነው የምትሉት። መጨረሻ ላይ ደግሞ በላይ በኩል ያለው ጎረቤት ሴፕቲክ ታንክ ሞልቶ ቅያሱ ላይ እየፈሰሰ ነው፣ ለሱስ ማን ጋ ነው የሚኬደው ብለሃል።

እኔ የውሃ መሐንዲስ ነኝ፣ ብዙ ጊዜዬን የከተማ ውሃ መስመር ዲዛይንና ጥገና ላይ ነው ያሳለፍኩት። ጠበቃ አይደለሁም፣ ግን እዚ ሥራ ላይ ያለ ሰው አዋጆቹን ሳያውቅ አንድ ቦይ እንኳን ማስቆፈር አይችልም። ድሬ ነንና አንተ ነው የምልህ፣ ከኔ ብትበልጥም አቦ እንዳትቀየም።

መልሱ ደስ የሚልህ አይደለም። መስመሩ የናንተ አይደለም፣ ቀበሌም ሊያስቆምላችሁ አይችልም። ግን ደግሞ እንደፈለጉ ሰው እየቀጠሉበት እናንተ ዝም ብላችሁ ታያላችሁ ማለት አይደለም። የናንተ ጉልበት ያለው ቧንቧው የኛ ነው የሚለው ላይ አይደለም፣ ቧንቧው ስንት ቤት ይችላል የሚለው ላይ ነው፣ እሱ ላይ በደንብ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ለምን የናንተ እንዳልሆነ። ካርታህን አውጣና እየው፣ የተሰጠህ ይዞታ አጥሩ ላይ ያበቃል። ከአጥሩ ውጪ ያለው ቅያስ መንገድ ነው፣ መንገድ ደግሞ በ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ የሕዝብ አገልግሎት የሚሰጥ የመንግሥት ንብረት ነው፣ አንቀጽ 1446ን ተመልከት። እንዲህ ዓይነት ንብረት አይሸጥም፣ ይሄን ያህል ዓመት ተጠቅሜበታለሁ ተብሎም በይርጋ የግል አይሆንም። እና መንገድ ውስጥ የተቀበረ፣ ከከተማው መስመር ጋር የተገጠመ፣ የከተማው ውሃ የሚሄድበት ቧንቧ የከተማው ሲስተም አካል ሆነ ማለት ነው፣ የገዛው ማንም ይሁን። እናንተ የከፈላችሁት ውሃ ቶሎ እንዲገባላችሁ ነው፣ ገባላችሁ። አክሲዮን አልገዛችሁም።

ቆጣሪ ስታስገባ የፈረምከው ኮንትራት አለ አይደል? ማንም አያነበውም እሱን፣ እኛ ሰፈር ሰው ፈርሞ ቁምሳጥን ውስጥ ነው የሚከተው። አውጥተህ አንብበው። የከተማ ውሃ ኮንትራት በተለምዶ እስከ ቆጣሪው ያለው የመሥሪያ ቤቱ፣ ከቆጣሪው ወደ ውስጥ ያለው የደንበኛው ነው የሚለው። ይሄ ድንበር ለናንተም ይጠቅማል እኮ። አንድ ቀን ሲኖትራክ ሲሚንቶ ጭኖ ቅያሱ ውስጥ ገብቶ ቧንቧውን ቢሰብረው ማን ነው የሚጠግነው? መስመሩ የኛ ነው ካላችሁ ጥገናውም የናንተ፣ ሊኬጁም የናንተ፣ አንድ ልጅ የተከፈተ ቦይ ውስጥ ቢወድቅ ኃላፊነቱም የናንተ ነው። ሰው ባለቤትነት ሲል ጥቅሙን ብቻ ነው የሚያስበው።

አሁን "ማን ስለሆነ ነው የሚሰጠው" ላልከው። እዚ ላይ ብዙ ሰው የሚያደባልቀው ነገር አለ። ውሃው ራሱ የማንም ከተማ አይደለም፣ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ 197/1992 በምድር ላይም ሆነ ከምድር በታች ያለው የአገሪቱ ውሃ በሙሉ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ይላል፣ ለቤት ውስጥ ፍጆታ የሚውለው ደግሞ ከሌላው ሁሉ ይቀድማል ይላል። ስለዚ ከፋብሪካም ከመስኖም በፊት ያንተ ማድጋ ነው ማለት ነው፣ ያዲሱ ጎረቤትህም ማድጋ ጭምር ነው። ከሱ ቀጥሎ ድሬዳዋ አስተዳደር አለ፣ ሥልጣኑን ያገኘው ከቻርተሩ ከአዋጅ 416/1996 ነው፣ ምክር ቤት አለው ከንቲባ አለው ካቢኔ አለው፣ ተጠሪነቱ ለፌዴራል መንግሥትና ለነዋሪው ነው። ከዛ በታች ነው የውሃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤቱ ያለው። እሱ አስተዳደሩ የሰጠውን አገልግሎት የሚያቀርብ አካል ነው፣ ቧንቧ ይዘረጋል፣ ቆጣሪ ይገጥማል፣ ቢል ያወጣል፣ ላልከፈለ ይቆርጣል። ራሱ መንግሥት አይደለም። ለምሳሌ ታሪፍ ጥናቱን እሱ ያቅርብ እንጂ የሚያጸድቀው በላዩ ያለው የአስተዳደሩ አካል ነው፣ ስለዚ ታሪፍ በዛብን ብለህ ቢል የሚሰበስበው መስኮት ላይ ካለችው ልጅ ጋር መጣላት ሥራ መፍታት ነው፣ የአካባቢህን የምክር ቤት ተመራጭ ፈልግ።

አዲስ ደንበኛ ከየትኛው መስመር ይቀጥል የሚለው ግን የአገልግሎት ሰጪው ቴክኒካል ውሳኔ ነው፣ ይሄ ሥልጣኑ ነው። ቀበሌ እዚ ውስጥ ምንድነው የሚችለው? የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ሰው ጠርቶ ያነጋግራል፣ ነዋሪ ነው አይደለም ብሎ ያረጋግጣል። የተሰጠ የውሃ ፈቃድ ግን አይሽርም። ቀበሌ ሄዳችሁ ሊቀመንበሩ ቢቆጣላችሁ፣ ቆፋሪዎቹን ለሦስት ቀን ቢያስቆምላችሁ፣ በአራተኛው ቀን ተመልሰው ይመጣሉ፣ እናንተ ከጎረቤት ጋር ትቀያየማላችሁ።

ሥልጣኑ ግን ልጓም አለው፣ ድሬ ላይ ደግሞ ጥሩ ልጓም ነው ያለው። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ 1183/2012 የሚባል አለ፣ ሰው ስሙን አይሰማውም እንጂ ለኛ ከተማ ነዋሪ ትልቅ ነገር ነው። የፌዴራል ነው ተብሎ አዲስ አበባ ብቻ ይመስላል፣ የሚሠራው ግን የአዲስ አበባና የድሬዳዋ አስተዳደሮች አስፈጻሚ አካላትም ላይ ጭምር ነው። ምን ይላል፣ አንድ መሥሪያ ቤት መመሪያ ሲያወጣ ሕዝብ አስተያየት እንዲሰጥበት ማድረግ አለበት፣ መመሪያው ፍትሕ ሚኒስቴር ተመዝግቦ ይፋ መሆን አለበት፣ ያንተን መብት የሚነካ ውሳኔ ሲሰጥ ደግሞ ምክንያቱን በጽሑፍ መስጠት አለበት፣ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ቅሬታ የምታቀርብበት ቦታ መኖር አለበት፣ እሱን ጨርሰህ ካልረካህ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይከለስልኝ ማለት ትችላለህ። ስለዚ አንድ ሠራተኛ "መመሪያ ነው" ካለህ ቁጥሩን ጠይቀው። በትህትና፣ ግን ጠይቀው። "መመሪያ ነው" የሚባለው ነገር አንዳንዴ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ሆኖ ነው የሚገኘው።

ሐረር ያሉ ወገኖች ይሄን አንብበው እኛም ጋ ይሠራል እንዳይሉ፣ ሐረር ክልል ነው፣ የራሱ ምክር ቤትና የራሱ ሕግ አለው፣ 1183 እዛ አይደርስም። የሐረር ነገር እንዲያውም ለብቻው ወሬ ነው። የሐሮማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ ሲደርቅ ሐረር ውሃ የት ይገኛል ተብሎ በስተመጨረሻ የተገኘው እዚ ታች፣ ድሬ ጃራ የሚባለው የጉድጓድ መስክ ላይ ነው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር 1,850 ገደማ፣ መሀል ላይ ደግሞ ደንገጎ የሚባለው ዳገት አለ ከሁለቱም የሚበልጥ። ውሃው በፓምፕ እየተገፋ ዳገቱን ወጥቶ፣ በምሥራቅ ሐረርጌ በኦሮሚያ ምድር አልፎ ነው ሐረር የሚገባው፣ ሦስት አስተዳደር አቋርጦ ማለት ነው። መብራት ሲጠፋ ጀጎል ውስጥ ያለች እናት ጀሪካኗን ይዛ የምትወጣው ለዚ ነው። እንዲህ ያለ መስመር ላይ የትኛውም ከተማ ብቻውን ሥልጣን የኔ ነው ማለት አይችልም፣ መስማማት ነው ያለው፣ ከሱ ጎን ስታየው ያንተ ቅያስ ጉዳይ በጣም ቀላል ነው።

እሺ አቅሙ ላይ እንምጣ፣ እዚ ነው ጨዋታው። ስንት ኢንች እንዳስቀበራችሁ አልነገርከኝም፣ እኔ ግን ሰው ተዋጥቶ ሲያስቀብር ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ፣ ባለአንድ ኢንች ይገዛል፣ ርካሽ ስለሆነ። ውሃ ቧንቧ ውስጥ ሲሄድ ከግድግዳው ጋር እየተሻሸ ፕሬሸሩን ይጨርሳል፣ ቧንቧው ሲጠብ ደግሞ ይሄ ኪሳራ በቀላሉ አይደለም የሚጨምረው፣ ዲያሜትሩን በግማሽ ብትቀንሰው ያንኑ ያህል ውሃ ለማሳለፍ የሚጠፋው ፕሬሸር ወደ 30 እጥፍ ያድጋል። አንድ ኢንች ከመቅበር ሁለት ኢንች መቅበር በዋጋ ትንሽ ነው የሚለየው፣ ቁፋሮው ያው ቁፋሮ ነው፣ ውሃው ላይ ግን ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው። ሰባት ቤት በጠባብ ቧንቧ፣ ያውም በፈረቃ፣ ውሃ በመጣበት ሌሊት ሁሉም እኩል ተነስቶ ሮቶውን ሲሞላ፣ ከዛ ስምንተኛ ሲጨመር፣ መጨረሻ ላይ ያለው ቤት ቧንቧው ፉጨት ብቻ ነው የሚሆነው። በዛ ላይ አንዱ ብልጥ ዲናሞ ቀጥታ መስመሩ ላይ ይገጥማል።

ዲናሞውን ሳላወራ አላልፍም፣ ይሄ ነገር ያናድደኛል። ከመስመር ላይ ቀጥታ በዲናሞ ስትስብ ቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጪው በታች ሊወርድ ይችላል፣ ያኔ ቧንቧው በተሰነጠቀበት፣ በላላ መገጣጠሚያ በኩል ከውጪ ያለውን ወደ ውስጥ ይስባል። ከውጪ ያለው ምንድነው? አንተው ነህ የነገርከኝ፣ ቅያሱ ላይ የሚፈሰው የሴፕቲክ ታንክ። በቃ እሱን ነው የምትጠጡት። ዲናሞ መግጠም የፈለገ ሰው መጀመሪያ ውሃው በራሱ ግፊት መሬት ላይ ያለ ታንከር ውስጥ ይግባለትና ከታንከሩ ወደ ላይ ይግፋ፣ ያ ችግር የለውም።

ስለዚ የምታደርጉት ይሄ ነው። አዲሱ ሰው ከመቀጠሉ በፊት ለኩ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ያዝ፣ ከቆጣሪው አጠገብ ያለውን ቧንቧ ሙሉ በሙሉ ክፈት፣ በስልክህ ሰዓት ያዝ። በሁለት ደቂቃ ከሞላ በደቂቃ 10 ሊትር ነው። ውሃ በሚመጣበት ቀን፣ ሁሉም ሰው በሚቀዳበት ሰዓት፣ መጀመሪያው ቤትና መጨረሻው ቤት እኩል ይለኩ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ። መጨረሻው ቤት ጀሪካኑን ለመሙላት የፈጀበት ጊዜ የመጀመሪያው ብዙ እጥፍ ከሆነ ቧንቧው ከአሁኑ ጠቧል ማለት ነው፣ ይሄ ወረቀት ከመቶ ንትርክ ይበልጣል፣ ምክንያቱም እኛ መሐንዲሶቹ "የኛ ነው" ለሚል ሰው መልስ አለን፣ ቁጥር ይዞ ለሚመጣ ግን የለንም። ደብዳቤው ላይ አትስጡት አትበሉ፣ "አዲስ ደንበኛ ከመቀጠሉ በፊት የመስመሩ ዲያሜትር ይታይልን፣ አቅም ከሌለው በትልቅ ቧንቧ ይቀየር ወይም ከሌላ መስመር ይሰጠው፣ ውሳኔው በጽሑፍ ይሰጠን" በሉ። ግጥሚያው ላይም አንድ ሰው ቆሞ ይይ፣ ቧንቧው መሀል ላይ ተቆርጦ ይገባ ወይስ ከጫፉ ይቀጥል፣ ጌት ቫልቭ (መዝጊያው) ይኑረው አይኑረው፣ ቦይ ውስጥ ያ ጥቁር ጎማ ተጠቅልሎበት አፈር እንዳይመለስበት። ጎማ የተጠቀለለበት ቧንቧ ከዓመት በኋላ የሚያፈስ ቧንቧ ነው።

ብሩስ? እሱ ላይ ትንሽ መንገድ አለ። ሕጉ አለአግባብ መበልጸግ የሚለው ነገር አለው፣ አንቀጽ 2162፣ በሌላው ሰው ንብረት ወይም ሥራ ያለበቂ ምክንያት የተጠቀመ ይካስ ነው የሚለው። ግን አዲሱ ሰው ፈቃድ ይዞ ነው የገባው፣ ምክንያት አለኝ ይላችኋል፣ ፍርድ ቤት ብትሄዱ የምታወጡት ከምታገኙት ይበልጣል ባይ ነኝ። የሚያዋጣው ሽማግሌ ነው፣ የዕድሩ ሰዎች። ሒሳቡ ቀላል ነው፣ ለምሳሌ ጠቅላላው 56,000 ብር ወጥቶ ከሆነ ለሰባት 8,000 ደርሷችኋል፣ ስምንት ስትሆኑ ለየአንዳንዱ 7,000 ነው፣ አዲሱ 7,000 ያምጣና ለየቤቱ 1,000 ይመለስለት። ቧንቧው ካረጀ ደግሞ ቀንሱለት። አብዛኛው ሰው እንዲህ ቁጭ ተብሎ ሲነገረው ይከፍላል፣ ነገ አንድ ቅያስ ውስጥ ነው የሚኖረው፣ ልጁም ከልጃችሁ ጋር ነው ኳስ የሚጫወተው። ወደፊት ሌላ ቦታ እንዲህ የምታዋጡ ሰዎች ግን አፈር ከመመለሱ በፊት ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ወረቀት ተፈራረሙ፣ "ሌላ ሰው ሲቀጥል ድርሻውን ለከፈሉት ይመልሳል" የሚል አንድ መስመር ይጻፍበት። ከተቀበረ በኋላ ይሄን ማንም አይፈርምላችሁም።

አሁን ሴፕቲክ ታንኩ። ድሬ አብዛኛው ቤት በሴፕቲክ ታንክና በጉድጓድ ነው ያለው፣ ስለዚ የግለሰብ ግቢ ውስጥ ያለው ታንክ እስከ ቆጣሪው እንዳለው መስመር አይደለም፣ የባለቤቱ ነው፣ ማስመጠጥም ግዴታው የሱ ነው። ውሃና ፍሳሽ የሚሰጥህ መምጠጫ መኪናውን ነው፣ ሰውየው ካልጠራ መኪናው በራሱ አይመጣም። የቁጥጥሩ ሥልጣን ያለው ጤናና አካባቢ ጥበቃ ጋ ነው። ያልታከመ የሴፕቲክ ታንክ ፍሳሽ ውሃ አካል ውስጥ መልቀቅ በጤና ሕግ የተከለከለ ነው፣ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300/1995ም አለ። ስለዚ አቤቱታህን ለቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ወይም ለሳኒቴሽን ባለሙያው በጽሑፍ አድርገው፣ ግልባጭ ለአካባቢ ጥበቃ። እነሱ መጥተው አይተው ሪፖርት ይጽፋሉ፣ ማስጠንቀቂያ ይሰጣሉ። ካልሆነ ፍትሐ ብሔር 1225 ጎረቤትን በመጥፎ ጠረንና በመሳሰለው ማወክን ይከለክላል፣ 1149 ደግሞ ሁከት ይወገድልኝ የምትልበት ነው፣ እሱ የሁለት ዓመት ገደብ አለው፣ ዛሬ ነገ እያላችሁ እንዳያመልጣችሁ።

ይሄን ጉዳይ ቀላል አድርጋችሁ እንዳታዩት፣ በተለይ ሳቢያን። ከተማዋ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው፣ ጉድጓዶቹ ደግሞ ሳቢያን ራሱ ውስጥ አሉ፣ አፈሩ አሸዋ ነው፣ ላይ የፈሰሰ ነገር ሰርጎ ይወርዳል። ከተማ ውስጥ ባሉ ጉድጓዶች ናይትሬት የሚባለው ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ኬሚካል መጠኑ ከፍ ብሎ መገኘቱ በተደጋጋሚ የታየ ነገር ነው፣ ምንጩም በዋናነት ይሄው ሽንት ቤት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ገደብ በሊትር 50 ሚሊግራም ነው፣ ከዛ ሲያልፍ ጡጦ ለሚጠጡ ሕፃናት አደገኛ ነው፣ ደማቸው ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። እና ሰው አፍልቼ ነው የምሰጠው ይላል፣ ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ናይትሬት አያወጣም፣ ውሃው ሲተን እንዲያውም ይወፍራል። ማንቆርቆሪያህ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ግን ሌላ ነው፣ እሱ ካልሲየም ነው፣ የድሬ ውሃ ድሮም እንዲህ ነው፣ ሻወርህን ይደፍናል እንጂ አይገድልህም።

ከሰባቱ አንዱ "እንዲህ ከሆነ ግቢዬ ውስጥ ጉድጓድ አስቆፍራለሁ" ብሏል ብለሃል። በእጅ የሚቆፈር ከሆነ በ197/1992 ፈቃድ አያስፈልገውም፣ በማሽን ከሆነ ያስፈልገዋል። ግን ከዛ ከሚፈሰው ሴፕቲክ ታንክ ስንት ሜትር ይርቃል? መጀመሪያ እሱን ይለካ፣ ቆፍሮም ከሆነ ላብራቶሪ ሳያሳይ ለልብስና ለሽንት ቤት እንጂ ለመጠጥ አይጠቀምበት።

ሁለቱን ጉዳይ አንድ ደብዳቤ ላይ እንዳታደርጉ፣ የሚሄዱት ለየቅል ቦታ ነው፣ አንድ ላይ ከጻፋችሁት አንዱ ወደ ሌላው ሲመራው ይከርማል። የመስመሩን ሰባታችሁም ፈርሙበት፣ የጀሪካኑን ልኬት አባሪ አድርጉ። ስታስገቡ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥርና ቀን ይመታበት፣ ኮፒያችሁ ላይም ያው ቁጥር ይጻፍ፣ ለአንድ የምታውቁት ሰው እጅ በእጅ ሰጥታችሁ እንዳትመጡ። የተፈቀደለት ጎረቤት ሥራውን ጀምሮ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ሂዱና የተቀበረውን ቧንቧ መጠን አፈር ሳይመለስ ፎቶ አንሱት፣ ቧንቧው ላይ የታተመውን ጽሑፍ ጭምር፣ ሚሊሜትሩና የሚችለው ፕሬሸር እዛው ላይ ነው የተጻፈው። ፎቶውን ላክልኝ፣ ስንት ቤት እንደሚችል እነግርሃለሁ።